ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ

ካሠለጠንኳቸው ጀማሪ ፕሮግራመሮች መካከል በልምምድ ሥራዎቿ ከሁሉም ትበልጥ የነበረችው ሰልጣኝ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። የተሰጣት ሥራ ሲነገር ቀላል ነበር፤ ወርኃዊ ሪፖርት የሚያወጣ አንድ ገጽ አለ፣ በሪፖርቱ ላይ የወሩ የመጨረሻ ቀን መረጃ አይታይም፣ ምክንያቱን ፈልጋ እንድታስተካክል ነው የተጠየቀችው። ይህን ለማድረግ ግን ከብዙ ዓመታት በፊት የተጀመረ፣ ብዙ ሰዎች የተፈራረቁበት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ያሉት ኮድ ውስጥ መግባት ነበረባት። ሦስት ቀን ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ተቀመጠች፤ ለማንም አልተናገረችም። «እርስዎ ዘንድ የሠራሁትን ሁሉ ከባዶ ተነሥቼ ነው የሠራሁት፤ እዚህ ግን ባዶ የሚባል ነገር የለም» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በወቅቱ የማሠለጥንበትን እቅድ አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ልምምዶቹ ሁሉ «አዲስ ፋይል ክፈቱ» በሚል ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ ነበር። የሒሳብ ማስያው፣ የሥራ ዝርዝር መያዣው፣ ትንሹ የመልእክት መለዋወጫ፣ ሁሉም ከምንም ተነሥተው፣ በአንድ ሰው እጅ ተሠርተው፣ አንድ ጊዜ ከታዩ በኋላ ዳግመኛ የማይከፈቱ ነበሩ። ጀማሪ መሐንዲስ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት አዲስ ፕሮግራም እንዲሠራ የሚጠየቀው ከስንት አንዴ ነው። የሚሰጠው ሌሎች የጻፉት፣ ሰዎች በየቀኑ የሚገለገሉበት ሥርዓት ውስጥ ገብቶ፣ ሌላውን ሳያበላሽ አንዲት ነገር እንዲያስተካክል ነው። ያቺ ልጅ የተቸገረችው እውቀት አንሷት አልነበረም። እኔ ያዘጋጀኋት ለሌላ ሥራ ነበር።

«የሶፍትዌር ምህንድስና» የሚለው ስያሜ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ነው። በዚያ የተሰበሰቡትን ባለሙያዎች ያስጨነቃቸው አንድ ሰው ለብቻው የሚጽፈው አጭር ፕሮግራም አልነበረም፤ ብዙ ሰዎች የሚጋሩት፣ ከታቀደለት ጊዜ የሚዘገይ፣ ካደገ በኋላ ማንም በሙሉ ሊረዳው የማይችል ትልቅ ሥራ ነበር። ሙያው ስሙን ያገኘው የሌላውን ሰው ሥራ ተቀብሎ ከመቀጠል ችግር ነው ማለት ይቻላል። እኛ አሠልጣኞች ግን ጀማሪውን ከዚህ ችግር ጋር የምናገናኘው ሥልጠናው ካለቀ በኋላ፣ አጠገቡ በሌለንበት ሰዓት ነው።

በትምህርቱ ዓለም ይህን ጉዳይ ቀደም ብለው የመረመሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ማክራክን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በተለያዩ አገሮች የሚገኙ የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ትምህርት ያጠናቀቁ ተማሪዎችን ፈትኖ ነበር፤ ከ110 ነጥብ የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት ከ23 ብዙም ያልራቀ ሆነ። በጊዜው ብዙዎች ችግሩ ተማሪዎቹ አንድን ጥያቄ ከፋፍለው መፍታት አለመቻላቸው ነው ብለው አሰቡ። በ2004 ደግሞ ሊስተርና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ጠየቁ፤ ተማሪዎቹ ምንም እንዲጽፉ ሳይሆን፣ የተጻፈ አጭር ኮድ አንብበው ሲሠራ ምን ውጤት እንደሚሰጥ እንዲናገሩ። ብዙዎቹ እዚህም ላይ ተደናቀፉ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ትኩረቴን የያዘው የነጥቡ ዝቅተኛነት አልነበረም። ማንበብ የማይችለውን ሰው ጻፍ እያልን ስናስጨንቀው እንደኖርን ነው የታየኝ።

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ይገለጣል። ሀ የሚባል ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ፣ ስም የተሰጠው ቦታ) 5፣ ለ የሚባል ደግሞ 8 ይዟል እንበል። ቀጥሎ ሁለት መስመሮች ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው «ሀ = ለ»፣ ሁለተኛው «ለ = ሀ» ይላል። ጀማሪዎችን አሁን ሀ እና ለ ስንት ናቸው ብዬ ስጠይቅ ጥቂት የማይባሉት «ተቀያየሩ፤ ሀ 8፣ ለ 5 ሆነ» ይላሉ። ለዚህ መልስ በቂ ምክንያት አላቸው። የእኩል ምልክቱን ያወቁት በሒሳብ ትምህርት ነው፤ በዚያ ምልክቱ የሚናገረው ሁልጊዜ እውነት ስለሆነ ዝምድና ነው፣ ግራና ቀኙም ልዩነት የለውም፣ ሁለቱ መስመሮችም በአንድ ጊዜ የሚነበቡ ይመስላሉ። ኮምፒውተሩ ግን መጀመሪያ በለ ውስጥ ያለውን 8 ገልብጦ በሀ ላይ ያስቀምጣል፤ በዚያች ቅጽበት 5 ጠፋ። ሁለተኛው መስመር ሲደርስ ሀ ቀድሞውኑ 8 ሆኗል፣ ስለዚህ ሁለቱም 8 ሆነው ይቀራሉ። ለመቀያየር 5ን ለጊዜው የሚያቆይ ሦስተኛ ቦታ ያስፈልጋል። ይህን ያልተረዳ ሰልጣኝ ከፊቱ ያሉትን መቶ ልምምዶች እያየና እያስታወሰ ሊጽፋቸው ይችላል፤ በአእምሮው ውስጥ የሚሠራው ማሽን ግን ሌላ ማሽን ነው። ዱ ቡሌ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተማሪው ሊረዳው የሚገባውን፣ በቋንቋው ትእዛዞች የሚሠራውን ሐሳባዊ ማሽን «ኖሽናል ማሽን» ብሎታል። የአሠልጣኝ ሥራ ትልቁ ክፍል ይህን በሰልጣኙ አእምሮ ውስጥ ያለውን ማሽን አይቶ ማቃናት ይመስለኛል፤ ማየት የሚቻለው ደግሞ ሰልጣኙ እያነበበ ሲናገር ብቻ ነው።

ስለዚህ እቅዱን ከሥሩ ለወጥኩት። አሁን ሰልጣኞች በመጀመሪያው ቀን የሚቀበሉት ተጽፎ ያለቀ፣ የሚሠራ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ፕሮግራም ነው። ምንም እንዲጨምሩበት አልጠይቅም። አንዲት ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) መርጬ እርሳስና ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፤ በወረቀቱ ላይ ሠንጠረዥ ሠርተው ለእያንዳንዱ ቫሪያብል አንድ ዓምድ ይሰጡና ሉፑ (ተደጋግሞ የሚሠራው የኮድ ክፍል) በዞረ ቁጥር ዋጋው ስንት እንደሆነ ይመዘግባሉ። ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይጽፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኮዱን ያስኬዱታል። የጻፉት ግምትና ስክሪኑ ላይ የወጣው ውጤት ሲለያይ በዚያ ልዩነት ላይ አንድ ሰዓት ብናሳልፍም አይቆጨኝም። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰለቻሉ፤ «መቼ ነው እኛ የምንጽፈው?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ የራስን ሥራ ማየት የሚሰጠው ደስታም ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በየቀኑ መጨረሻ ላይ የፈለጉትን ነገር እንዲለውጡ እፈቅዳለሁ። ነገር ግን የለወጡት ያው ያነበቡት ኮድ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ፕሮግራሙን እኔው ሆን ብዬ እሰብረዋለሁ። እዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት ያላስተዋልኩትን ነገር ተማርኩ፤ ጀማሪዎች የስህተት መልእክትን አያነቡም። ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑን ሲሞላው ዓይናቸው ከጽሑፉ ሸሽቶ ወደ ኮዱ ይመለሳል፣ እጃቸውም አንድ ነገር መለወጥ ይጀምራል። መልእክቱን እንደ ተግሣጽ ነው የሚቀበሉት። እኔም መልእክቱን ከፍ ባለ ድምፅ እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ፤ የስህተቱ ዓይነት ምንድን ነው፣ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር ላይ ነው፣ ያንን መስመር ማን ጠራው፣ እሱንስ ማን ጠራው? ስታክ ትሬስ ፕሮግራሙ ወደ ወደቀበት ስፍራ የሄደባቸውን እርምጃዎች በቅደም ተከተል የያዘ መዝገብ እንደሆነ ሲገባቸው ፍርሃታቸው ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ ደግሞ ምንም መልእክት የማያወጡ ስህተቶች ይመጣሉ፤ እነዚህ ይከፋሉ። ለምሳሌ በአብዛኞቹ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ የሚወጣው 0.30000000000000004 ነው፤ ኮምፒውተሩ አስርዮሽ ቁጥሮችን በሁለትዮሽ ስለሚይዝና 0.1 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ ስለሌለው ነው። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ አንድም ቀይ መስመር አይታይም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሒሳቦች ሲደመሩ ግን ጥቂት ሳንቲሞች የት እንደገቡ አይታወቅም። ገንዘብን በሙሉ ቁጥር፣ በትንሿ መለኪያው መያዝ ለምን እንደሚመከር በቃል ከመንገር ይልቅ፣ የማይገጥም ድምር ሰጥቼ ምክንያቱን ፈልገው እንዲያገኙ ማድረግን እመርጣለሁ።

የሌላን ሰው ኮድ ማንበብ ማለት ጸሐፊው ያልጻፈውን ግምት ማንበብም ጭምር ነው፤ ለዚህ ሁልጊዜ የማነሣው የአሪያን 5 ሮኬት ታሪክ ነው። ሮኬቱ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኩሶ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ወደመ። የአቅጣጫ መለኪያው ሶፍትዌር ከቀዳሚው ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር፤ በውስጡም የአግድም ፍጥነትን የሚመለከት አንድ 64 ቢት (የሁለትዮሽ አሃዝ) ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር የሚለወጥበት ቦታ ነበር። በአሪያን 4 ጉዞ ያ ቁጥር 16 ቢት ከሚችለው በላይ አይሆንም ነበር። አሪያን 5 ግን ፈጣን ነበርና ቁጥሩ ከቦታው አልፎ ፈሰሰ፣ ሥርዓቱም ቆመ። ኮዱ ለተጻፈለት ሮኬት ልክ ነበር። ሰልጣኞቼ ይህን ከሰሙ በኋላ አንድን ፈንክሽን ሲያነቡ «ይህ የሚሠራው ምን እውነት እስከሆነ ድረስ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። ጥያቄውን ከሥልጠናው ወጥተው ከዓመታት በኋላም እንደሚጠይቁት የነገሩኝ አሉ፤ ከማስተምረው ሁሉ ይህ ቢቀርላቸው እወዳለሁ።

በኮድ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበውን መሣሪያ፣ ጊትን፣ የማስተምርበትም መንገድ በዚሁ ምክንያት ተለውጧል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የሠራው የሊነክስ ከርነልን (የሊነክስ ሥርዓት እምብርት የሆነውን ፕሮግራም) የሚጽፉ በየቦታው የተበተኑ ሰዎች ሥራቸውን እንዲያዋህዱ ነው። እኛ ግን ለጀማሪው አምስት ወይም ስድስት ትእዛዞችን በቃል እናስጠናውና ኮዱን ወደ ሰርቨር የሚልክበት መሣሪያ እናደርገዋለን። የጊት ትልቁ ሀብት ታሪኩ ነው። ይህን መስመር ማን፣ መቼ፣ ከየትኞቹ ሌሎች መስመሮች ጋር አብሮ ለወጠው፣ ምን ብሎስ ጻፈበት? ስህተቱ ካለፉት 1,000 ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) በአንዱ እንደገባ የሚያውቅ ሰው መሐሉን ፈትኖ ግማሹን እየጣለ ቢሄድ በ10 እርምጃ ገደማ ጥፋተኛውን ኮሚት ያገኘዋል፤ ጊት ለዚህ የተዘጋጀ ባይሴክት የሚባል ትእዛዝ አለው። ይህን በገዛ እጁ አድርጎ ያየ ሰልጣኝ «አስተካከልኩ» የሚል ባዶ የኮሚት መልእክት መጻፉን ራሱ ይተዋል፤ ምክንያቱም እንደዚህ ያለውን መልእክት ከሌላ ሰው እጅ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ቀምሶታል።

በየትኛው ቋንቋ እንጀምር ስለሚለው ክርክር ብዙ አልልም። ፓይዘንም ሆነ ጃቫስክሪፕት ይበቃል፤ ከሁለቱ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ሰልጣኙ በአንዱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ከእቅዱ ይልቅ ለመለወጥ የከበደኝ የራሴ እጅ ነበር። በቀድሞ ዓመታት አንድ ሰልጣኝ ተጠልፎ ሳይ ወንበሬን ስቤ እቀመጥና «አንድ ጊዜ ቆይ» ብዬ ኪቦርዱን እወስድ ነበር። በሁለት ደቂቃ ችግሩን እፈታዋለሁ፣ እሱም አመስግኖኝ ይቀጥላል፣ እኔም ረዳሁ ብዬ እሄዳለሁ። አንድ ቀን በዚህ መንገድ የፈታሁለትን ችግር በማግስቱ እንደገና ይዞት የተቀመጠ ልጅ አገኘሁ። ትናንት ምን እንዳደረግን ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «በጣም ፈጥነው ስለጻፉት አላየሁትም፤ እንዳላየሁት ለመናገር ደግሞ አፈርኩ» አለኝ። ያ ንግግሩ እስካሁን ከእኔ ጋር ነው። ያለኝን ችሎታ ከማሳየት በቀር ለልጁ ያደረግኩለት አንዳች ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም በእኔና በእርሱ መካከል ያለው ርቀት የማይሞላ እንዲመስለው አድርጌአለሁ። ከዚያ ወዲህ አጠገባቸው ስቀመጥ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ። ኪቦርዱ የሰልጣኙ ነው። ምን መጻፍ እንዳለበት ባውቅም የምናገረው ጥያቄ ነው፤ «አሁን በዚህ ቫሪያብል ውስጥ ምን አለ ብለህ ታስባለህ? እንዴት ልታረጋግጥ ትችላለህ?» ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ አርባውን ደቂቃ መስጠት የማይችል ሰው ግን ጀማሪ ማሠልጠን ባይጀምር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የዝምታው ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ያቺ የደወለችልኝ ሰልጣኝ ሦስት ቀን ዝም ያለችው ጥያቄ መጠየቅ አለማወቅን መግለጥ መስሎ ስለታያት ነው፤ ይህን ደግሞ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በክፍሌ ውስጥ ቶሎ የሚጨርሰውን ሳመሰግን እኖር ነበርና። አሁን በግልጽ የተነገረ ደንብ አለን። አንድ ነገር ሲያስቸግር ለ30 ደቂቃ ለብቻ መሞከር ይገባል፤ 30 ደቂቃው ካለፈ በኋላ ግን መጠየቅ ግዴታ ነው፣ ዝም ማለት እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ምን ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፣ ምን ሆነ፣ ምን ምን ሞከርኩ። ብዙ ጊዜ ሰልጣኙ ሦስተኛውን እየጻፈ ሳለ ያልሞከረውን ነገር ራሱ ያየዋል፣ ጥያቄው ሳይላክ ይቀራል። የተላከውም ቢሆን ለመመለስ ቀላል ነው፤ በሥራ ቦታም አንጋፋ ባልደረባውን የማያሰለች ጠያቂ ያደርገዋል።

የኮድ ሪቪው፣ ማለትም አንዱ የሌላውን ኮድ የመመርመር፣ ነገርም እንዲሁ ነው። ሰልጣኞች ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አንዱ የሌላውን ለውጥ ይመረምራሉ፣ የእኔንም ይመረምራሉ። የመጀመሪያዎቹ አስተያየቶች «ጥሩ ነው» ወይም «ይህ ትክክል አይደለም» የሚሉ ናቸው። ቀስ በቀስ «ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን እዚህ መስመር ላይ ምን ይፈጠራል?» የሚል ዓይነት አስተያየት መጻፍ ይለምዳሉ። ሥራውን እንጂ ሠሪውን የማይነካ አስተያየት መጻፍ፣ እንደዚያ ያለውንም ሳይከፉ መቀበል ልምምድ የሚፈልግ ችሎታ ነው፤ ለብቻው ፕሮግራም ሲጽፍ የቆየ ሰው ይህን የሚያገኝበት ስፍራ የለም።

እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በየእጁ ገብተዋልና ስለ እነርሱ ዝም ማለት አልችልም። ጀማሪ ከእንግዲህ ምን ይሠራል የሚለው ጭንቀት የሰልጣኞቼ ብቻ ሳይሆን የእኔም ነው። ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጡ የነበሩት ትንንሽ ሥራዎች፣ ማለትም ፎርም መጨመር፣ ቀላል ቴስት (ኮድን የሚፈትሽ ኮድ) መጻፍ፣ የጽሑፍ ስህተት ማረም፣ አሁን መሣሪያው በሰከንዶች የሚያወጣቸው ናቸው፤ ጀማሪው ሙያውን የሚለምደው ግን በእነዚያ ሥራዎች ነበር። ይህን ክፍተት ቀጣሪዎች በራሳቸው ፈቃድ ይሞሉታል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ ሥልጠናው ራሱ ጀማሪውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ማድረስ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሣሪያውን ኮድ ለማስጻፍ አንጠቀምበትም፤ የሰውነት ማጠንከሪያ ክብደትን ሌላ ሰው ቢያነሣልን እንደማይጠቅመን ነው። ከዚያ በኋላ ግን እፈቅዳለሁ፣ አንድ ግዴታ ብቻ አለ፤ መሣሪያው የጻፈውን እያንዳንዱን መስመር ለአጠገቡ ሰው ማስረዳት ያልቻለ ሰልጣኝ ያንን መስመር ወደ ፕሮግራሙ አያስገባም። ቀና ብለን ካየነው መሣሪያው የሚሰጠን ሌላ ሰው እንደጻፈው ያለ ኮድ ነው፤ እንደ እርግጠኛ ሰው ይናገራል፣ ግምቶቹን አይነግረንም፣ ሲሳሳትም ድምፁ አይለወጥም። ማንበብ የሚችል ሰው ይጠቀምበታል።

የዚያች ሰልጣኝ ችግር ምን ሆነ ለሚል አንባቢ፣ በአራተኛው ቀን አብረን አገኘነው፤ እሷ ኮዱን እያነበበች፣ እኔ በስልክ እየጠየቅሁ። ሪፖርቱ ከወሩ 1ኛ ቀን እስከ 31ኛው ቀን ያለውን መረጃ ከዳታቤዝ (ከመረጃ ማከማቻው) ይጠይቃል። «31ኛው ቀን» ሰዓት ስላልተጻፈለት ሥርዓቱ የሚረዳው የዚያ ቀን መጀመሪያ፣ እኩለ ሌሊት 00:00 ብሎ ነው፤ ስለዚህ ከዚያች ቅጽበት በኋላ በቀኑ ውስጥ የተመዘገበው ሁሉ ከሪፖርቱ ውጭ ይቀር ነበር። የኮሚቱን ታሪክ ስትመለከት በዳታቤዙ ቀኑ የሚመዘገብበት ዓምድ ቀድሞ ቀንን ብቻ ይይዝ እንደነበርና ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ሰው ሰዓት እንደጨመረበት አየች። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው በጊዜው ልክ ነበር፤ ሰዓቱን የጨመረውም በራሱ ሥራ ልክ ነበር። መፍትሔው «እስከ 31ኛው ቀን» የሚለውን «ከሚቀጥለው ወር 1ኛ ቀን በፊት» ወደሚል መለወጥ ሆነ፤ አንድ መስመር።

ይህ ስህተት አሁን የመጨረሻው ፈተናዬ ነው፤ መልኩን በየጊዜው እለዋውጠዋለሁ። ሰልጣኙ ፈጽሞ አይቶት የማያውቀው ኮድና ሁለት ዓረፍተ ነገር ያላት ቅሬታ ይሰጠዋል፣ ሦስት ሰዓት አለው፣ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ነጥብ የምይዘው ስህተቱን በማግኘቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ያላገኙት ያለፉበት፣ ያገኙትም በድንገት ስለነበር የወደቁበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የትኛውን ፋይል ከፈተ፣ ለምን ያንን መረጠ፣ ከመለወጡ በፊት ስህተቱ በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲደገም አደረገ ወይ፣ ሰላሳኛው ደቂቃ ላይ አልሆነልኝም ብሎ ወደ እኔ ዞረ ወይ? በቅርቡ የተፈተነች አንዲት ሰልጣኝ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አንድም ፊደል አልጻፈችም። ወረቀት አውጥታ ሠንጠረዥ አሰመረች፣ በአንዱ ዓምድ ላይ «መጀመሪያ»፣ በሌላው ላይ «መጨረሻ» ብላ ጻፈችና የመጨረሻውን ቀን እስከ ሰዓቱና ደቂቃው ድረስ መሙላት ጀመረች።